ከመኪናው የሚተርፈው አክስል፦ በመናገሻ ዙሪያ የአሮጌ ብረት ሁለተኛ ሕይወት

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ አክስል ነው። አክስል ስል ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘውን፣ የተሽከርካሪውን ክብደት የሚሸከመውንና የሞተሩን ኃይል ለጎማ የሚያካፍለውን ከባድ ብረት ከነዲፈረንሻሉ ማለቴ ነው። በተለይም የምናገረው ካረጀ ተሽከርካሪ ተፈትቶ፣ ተቆርጦና ተበይዶ በሌላ ተሽከርካሪ ሥር ስለሚገባው አሮጌ አክስል ነው።

የሀገራችን የመኪና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከመግቢያ በሩ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል መቼ ገባ? ማን አመጣው? ንጉሠ ነገሥቱ እንዴት ተቀበሉት? ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰበት ጉዞ በየመጽሐፉ ይገኛል። መኪና ሲሰበር ማን ጠገነው፣ በምን ብረት ጠገነው፣ ሞተሩ ሲሞት እግሩ ወዴት ሄደ የሚሉት ጥያቄዎች ግን ብዙ ጠያቂ አላገኙም። እኔ የምከራከረው የሀገራችን ጉዞ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ሕይወት ላይ የቆመ እንደ ነበረና አሁንም እንደ ሆነ፣ የዚህም ሕይወት ዋና ምስክር አክስል እንደ ሆነ ነው። ሞተር ያልቃል፤ የመኪና ገላ ይዝጋል፤ አክስል ግን ብረቱ ወፍራም፣ ጥርሶቹም በዘይት ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ስለሆኑ ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገለት ከአንድ መኪና ዕድሜ ያልፋል። ሰነድ ባልተጻፈበት ቦታ ሰነድ ሆኖ ሊያገለግል የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ቦታውን ላስቀምጥ። መናገሻ የሚለውን ስም የምጠቀመው አዲስ አበባን ከቦ በነበረው በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ ትርጉሙ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ሦስት ከተሞችን እመርጣለሁ፦ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የመረጥኳቸውም ሦስት በሮች ስለሆኑ ነው። ሱሉልታ የጎጃም መንገድ በር ናት፤ ቡራዩ የአምቦና የወለጋ፤ ሰበታ ደግሞ የጅማ። ከዋና ከተማዋ የሚወጣና ወደ እርሷ የሚገባ ጭነት በእነዚህ በሮች ያልፋል። ጭነት በሚያልፍበት ዳገት ሥር ደግሞ ስብራት አለ፤ ስብራት ባለበትም ጋራዥ ይበቅላል።

ከሞተር ዘመን በፊት ልጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሰባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ክብደት ነበረው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ ችግሩ መድፉን ማቅለጥ መሆኑ ቀርቶ መንገድ መጥረግና ክብደቱን የሚችል መሽከርከሪያ ማቆም ሆነ። ጉዞው ወራት የፈጀው፣ በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰውም የተጎተተበት ለዚህ ነው። በከፍተኛው የሀገራችን ክፍል ክብደትን የማንቀሳቀስ ጥያቄ ከመነሻው የመሽከርከሪያና የመሬት ጥያቄ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ከአንድ ትውልድ በኋላ ወደ መናገሻ መጣ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር የእንጦጦ ዙሪያ ደን በማገዶና በግንባታ ተመናመነ፤ ለቤተ መንግሥትና ለአብያተ ክርስቲያናት ግንባታ የሚሆነው ረጅም የጽድ ግንድ የሚገኘው በመናገሻ ተራራ ደን ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያስጠረጉት መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶቻችን አንዱ ሲሆን፣ የሚያልፈውም በዚሁ በምዕራቡ በር ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን የዚህ ዘመን ነው። ማሽኑ መንገድ እንዲሠራ መጣ፤ ራሱ ግን መንገድ ስላልነበረው በሰው ጉልበት እየተጎተተ አዲስ አበባ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን መገጣጠም ልጠቁም። የቤንትሌይ መኪና አዲስ አበባ በደረሰበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውንም በሥራው እያሉ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። መኪናና ስለ ባለእጅ ክብር የወጣው አዋጅ በአንድ ዓመት መምጣታቸው ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ግንኙነታቸው ግን ቀላል አይደለም፤ የመኪናው ዕድሜ የተመካው አዋጁ ሊከላከልለት በፈለገው ሰው እጅ ላይ ነበርና። የመኪናውን መምጣት ጽፈን የባለእጁን ሥራ ሳንጽፍ የቀረንበት ምክንያት ከአሮጌው ንቀት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

የጣሊያን ወረራ የሞተሩን ዘመን በብዛት አመጣው። ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የመራው ጦር ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ያንን ሁሉ ብረት ጣርማ በር ላይ ያስቆመው ዝናብና ጭቃ፣ በአርበኞች እጅ የተቆረጠ መንገድም ጭምር ነበር። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተሠራ፤ በዚያም መንገድ ላይ ፊያት 634ና ላንቻ ሮ የተባሉት ከባድ የናፍጣ መኪናዎች ተመላለሱ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ እንግሊዞች ከተማረከው ንብረት ብዙውን እየጫኑ ወሰዱ። የቀረው ቀረ። በአዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስ አገልግሎት የተጀመረው ከዚህ ከተማረከ ንብረት በተገኙ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ነው፤ ይህም የኋላው አንበሳ አውቶቡስ መነሻ ሆነ። የከተማችን የሕዝብ ማመላለሻ ታሪክ የሚጀምረው ከአሮጌና ከተማረከ ብረት ነው ማለት ነው።

ከተሽከርካሪዎቹ ጋር ሰዎችም ቀሩ። ወደ ሀገራቸው ያልተመለሱ ጣሊያናውያን መካኒኮች ጋራዥ ከፈቱ፤ ወጣት ኢትዮጵያውያንም ረዳት ሆነው ገቡ። ለዚህ ማስረጃው እስከ ዛሬ በአፋችን ውስጥ አለ። የሰበታ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ የሚሉ ቃላትን ይሰማል። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ በባሌስትራው ላይ የሚቀመጠው አክስል ጃፓናዊ፣ የሚታሰርበት ቡሎን ቻይናዊ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን የመጀመሪያውን መምህር ያስታውሳል። በ1940ዎቹ የተማረው ረዳት በ1960ዎቹ ጌታ ሆነ፤ የእርሱም ረዳት በተራው አስተማረ። ይህ የትምህርት ሰንሰለት መዝገብ የለውም። የሚነበበው ከነዚህ ቃላት ነው። «አክስል» የሚለው ቃል በአንጻሩ ከእንግሊዝኛ መምጣቱም የሚናገረው አለው፤ በኋላ የመጣ ሌላ የትምህርት ንብርብር ያሳያልና።

ያም ንብርብር በ1943 ዓ.ም. ይጀምራል። በዚያ ዓመት የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኢትዮጵያ መንገዶች ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በአሜሪካውያን ባለሙያዎች ድጋፍ ተቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት ጂፖች፣ ከእነርሱም አርአያ የወሰዱት ላንድ ሮቨርና ላንድ ክሩዘር፣ ኋላም «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 በየተራ መንገዱን ያዙ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የተቋቋመው አምቼ የጣሊያን ሥሪት የጭነት መኪናዎችን በአዲስ አበባ መገጣጠም ጀመረ። ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተፈጠረው ወዳጅነት ኦራል፣ ዚልና ዋዝ ገቡ። እያንዳንዱ የፖለቲካ ዘመን የራሱን አክስል ትቶ ሄዷል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። የአንድ ትልቅ የአሮጌ ዕቃ ግቢ ክምር ውስጥ ገብቶ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው የኅብረት ስምምነቶቻችንና የጦርነቶቻችን ዝርዝር በብረት ተጽፎ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ ልግባ፤ የታሪክ ሰው የሥራውን ውስጥ ካላየ የሠራተኛውን ዕውቀት መመዘን አይችልምና። በሦስቱ ከተሞች ጋራዦችና የቶርኖ ቤቶች ተዘዋውሬ ካየሁት በመነሳት ሂደቱን አቀርባለሁ። አንድ ሰው አሮጌ ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና አለው እንበል። መንገድ ወደሌለባቸው ቀበሌዎች እህል፣ የውሃ በርሜል፣ የግንባታ ዕቃ ይጭናል። በክረምት የሱሉልታንና የሰበታን ዙሪያ ሜዳ ዋልካ አፈር ይይዘዋል። የፋብሪካው አክስል ደጋግሞ ተሰብሮበታል፤ ስለዚህ ጠንካራ አክስል ይፈልጋል።

ፍለጋው የሚመራው ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ፣ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ወይም በመንገድ ዳር ወዳሉት የፈረሱ መኪናዎች ግቢዎች ነው። የተገኘው አክስል ይመረመራል። መጀመሪያ የሚታየው ክብደቱን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ነው። በቀላል መኪና ብዙ ጊዜ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ራሱ ክብደትም ይሸከማል፤ ከተሰበረ ጎማው ከመኪናው ሊለይ ይችላል። በከባድ አክስል ግን ክብደቱን የሚሸከመው የውጭው ቱቦ ሲሆን ዘንጉ የማዞር ሥራ ብቻ ስላለው፣ ቢሰበርም ጎማው በቦታው ይቆያል። ባለሙያው ይህን የሚለየው የጎማውን መካከል በማየት ነው፤ ዘንጉ በዙሪያው በቡሎን ታስሮ ወደ ውጭ የሚሳብ ከሆነ ከባዱ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ የጥርሱ ልክ ይቆጠራል። ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው እኩል አንድ ዙር ሲዞሩ ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በጠመኔ ምልክት ይቆጠራል። አንዱ ጎማ ከተያዘ ደግሞ ሌላው ሁለት ዙር መዞር አለበት። የቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች ልክ 4.7 ነው፤ ለአንድ የጎማ ዙር ዘንጉ 4.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በእኛ ሀገር የተለየ ትርጉም አለው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች። በቱርቦ ያልታገዘ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ በዚህ ከፍታ የኃይሉ ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ልኩ 4.10 በሆነ አክስል ፋንታ 4.88 የሆነ ቢገባ በጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል በ19 በመቶ ይጨምራል፤ መኪናው ፍጥነት ይቀንሳል፤ አየሩ ከወሰደበት ጉልበት ግን አብዛኛውን ያስመልሳል። የደጋ ሹፌር ለዳገት ከባድ አክስል ሲመርጥ ቀመሩን ባይጽፈውም ስሌቱን ሠርቷል።

ከዚያ ማስተካከሉ ይመጣል። ከሰፊ መኪና የመጣ አክስል ለጠባቡ አይሆንም። ቱቦው ይቆረጣል፤ የባሌስትራው መቀመጫ ተነቅሎ በአዲስ ርቀት ይበየዳል፤ ዲፈረንሻሉ ወደ ካምቢዮው የሚያይበት ዘዌ ይለካል፤ የፍሬኑ ቧንቧና የጎማው ቡሎኖች ይጣጣማሉ። ዘንጉ ያጠረ እንደ ሆነ ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች በቶርኖ ቤት እንደገና መውጣት አለባቸው። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ የፊትና የኋላ አክስል ልክ አንድ መሆን ይኖርበታል፤ አለዚያ በጠንካራ መንገድ ላይ አንዱ ሌላውን እየታገለ ጥርስ ይሰብራል።

ትልቁ ፈተና እሳቱ ነው። ብየዳ ብረትን ያጣምማል። ጥሩ ባለሙያ ቱቦውን ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ አይበይድም፤ አጭር መስመር ይበይድና በተቃራኒው ወገን ይቀጥላል፤ በየመካከሉ ቀጥ ማለቱን ይለካል፤ ሲጨርስም እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል እንጂ ውሃ አያፈስበትም። የተሰበረን ዘንግ በብየዳ መቀጠልን ግን የሚያውቅ ሰው አይሠራውም። ዘንጉ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተሰጠው የሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ የብየዳው እሳት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። መልኩ የዳነ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ዳገት ይበጠሳል።

አንድ አክስል በዚህ መንገድ ሁለትና ሦስት መኪና ካገለገለ በኋላም አያበቃም። ከተሳቢ ሥር ሊገባ ይችላል። ጎማውና ኩሽኔታው ወደ ፈረስ ጋሪ ይወርዳል፤ በሦስቱም ከተሞች የውስጥ መንገዶች ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩት ጋሪዎች የመኪና ጎማ የለበሱ ናቸው። ባሌስትራው ደግሞ በቀጥቃጭ እጅ ማረሻና ማጭድ ይሆናል። ከውጭ የመጣ የመኪና ብረት በመጨረሻ የገበሬውን መሬት ያርሳል።

በዚህ ረገድ እኛ ብቻችንን አይደለንም። በፊሊፒንስ ከጦርነቱ የተረፉ የአሜሪካ ጂፖች ተረዝመው ጂፕኒ የተባለ የሕዝብ ማመላለሻ ሆነዋል። በጋና ኩማሲ ከተማ ያለው ሱዋሜ መጋዚን እጅግ ብዙ ባለእጆች አሮጌ መኪና የሚያድሱበት ሰፈር ነው። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ሥራው የቴክኖሎጂን ታሪክ ከፈጠራው ቀን ይልቅ ከአጠቃቀሙ፣ ከጥገናውና ከዕድሜው እንድንጽፈው ተከራክሯል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አለ። እኛ ዘንድ ጥገናው ፈጠራም ነበር። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ገላ ተቀጥቅጦ የተሠራለት «ቅጥቅጥ»፣ ከፒክአፕ ተለውጦ ተሳፋሪዎችን ፊት ለፊት ያስቀመጠው «ውይይት» ታክሲ፣ በሌላ ሀገር ፋብሪካ ያልታሰቡ የእኛ ተሽከርካሪዎች ናቸው። «ቅጥቅጥ» የሚለው ስም በ1900ው አዋጅ ሊከበር ከታሰበው ቀጥቃጭ ሥራ ጋር አንድ ግሥ መጋራቱንም ልብ ይሏል።

ይህ ሁሉ ምስጋና ብቻ እንዲሆን ግን አልፈልግም። ያልተጻፈ ዕውቀት ለወራሹም ለተሳፋሪውም አደጋ አለው። ጌታው ለምን ውሃ እንደማያፈስ ያላወቀ ረዳት ጌታው በሌለበት ቀን ያፈስሳል። የጠነከረ አክስል የገባለት መኪና ባለቤት ፍሬኑና መሪው ያው አሮጌው መሆናቸውን ረስቶ ጭነት ይጨምራል። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የፍሬንን ኃይልና መብራትን መለካት ይችላል፤ ከቀለም በታች ያለው ብየዳ በማን እጅና እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ግን ከባድ ነው። ዕውቀቱ በወረቀት ቢሰፍር ኖሮ መለኪያም፣ ፈተናም፣ የሙያ ማረጋገጫም ሊወጣለት ይችል ነበር። መናቁ ያስከተለው ጉዳት በመንገድ ላይ ደም ሆኖ የሚከፈል መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ጊዜውም እያጠረ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። የፖሊሲውን ትክክለኛነት መመዘን የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። የታሪክ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። በሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ አክስል ለጊዜው ይበልጥ ይፈለጋል፤ ውሎ አድሮ ግን ሞተሩ ከጎማው አጠገብ የተቀመጠለት የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ፣ በጠመኔ ጥርስ የሚቆጥረው ሰው ሥራ ይለወጣል። በሌላ በኩል ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ለግንባታ የሚሆን ፌሮ ለማምረት አሮጌውን ብረት በቶን ይገዛሉ። ላንቻው፣ ኤንትሬውና ኦራሉ በአንድ ምድጃ ውስጥ ገብተው ለአዳዲስ ሕንፃዎች ምሰሶ ይሆናሉ። ብራና ሲቃጠል እንጮኻለን፤ ይህ ክምር ሲቀልጥ ግን ምን እንደ ጠፋ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ በተለይ ለተማሪዎች ሦስት ሥራ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የጋራዡን ቃላት በየከተማው ሰብስቡ፤ የትኛው ቃል በየትኛው ትውልድ አፍ እንዳለ መዝግቡ። ሁለተኛ፣ በአክስሎች ቤት ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮችና የፋብሪካ ምልክቶች ብረቱ ከመቅለጡ በፊት ፎቶ አንሡ፤ በነዚያ ቁጥሮች የትኛው ዘመን የትኛውን ብረት እንዳመጣ በትክክል ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉትን አረጋውያን የቶርኖና የብየዳ ባለሙያዎች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አነጋግሩ፤ ከማን እንደ ተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ ጠይቁ። ስትሄዱም በአክብሮት ሂዱ። እነርሱ የሥራ ሰዎች ስለሆኑ ጊዜያቸው ገንዘባቸው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ዝናብ ሥራ ባቆመበት ሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። የትምህርት ክፍላችንም ይህን የቃል ታሪክ ከገዳማትና ከቤተ መንግሥት ሰነዶች እኩል በማኅደሩ ውስጥ ቦታ ቢሰጠው መልካም ነው እላለሁ።

ለጥያቄና ለውይይት ጊዜ ስላለን ንግግሬን በዚሁ አበቃለሁ።